ከጃኬቴ ሥር ይዤው የገባሁት

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ደረጃ ስትወጪ አሁንም እንደ አሮጌ ማጠፊያ ይንቋቋል ወይስ አደብ ገዛ? ዓይንሽስ? ሐኪሙ ቁርጥ ያለ ቀን ሰጠሽ ወይስ አሁንም ዛሬ ነገ እያለ ያመላልስሻል? ልጅሽ፣ ምራትሽ፣ ትንሿ የልጅ ልጅሽ ሁሉም እንዴት ናቸው? እኔና ባለቤቴ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ሰውነታችንን ማለቴ ነው። ሐሳቤን ከጠየቅሽኝ ግን ዞሮብኛል።

ቅር እንዳለሽ አውቃለሁ። «ዓይኔን ስታከም መጥተህ አጠገቤ ሁን» ብለሽ ከላክሽብኝ ሦስት ሳምንት ሆነ፣ መልስ አልሰጠሁሽም። ስትደውዪም «ቆይ እንነጋገራለን» እያልኩ እዘጋብሻለሁ። ሥራ በዝቶብኝ እንዳይመስልሽ። ልነግርሽ የሚገባ ነገር አለኝ፤ ከሰማሽው በኋላ ደጅሽን ትከፍቺልኛለሽ ወይስ ትዘጊብኛለሽ የሚለው ነው የጨነቀኝ። በስልክ ልጀምረው ብዬ ሁለት ጊዜ ቁጥርሽን እስከ ግማሽ መትቼ ተውኩት። በወረቀት ይሁን አልኩ። ዓይንሽ እስኪድን ምራትሽ ናት የምታነብልሽ፤ እሷም ብትሰማው ይገባታል።

ነገሩ የሽጉጡ ነው። አዎ፣ አንቺ ስሙን እንኳ መጥራት የማትወጂው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሰው ደውሎ «በር ተቆልፎብኝ ውጭ ቀርቻለሁ፣ ድረስልኝ» ብሎ እንደጠራኝ ታስታውሻለሽ። ስደርስ በርም የለ፣ ቤትም የለ። ሦስት ሆነው ቀጠቀጡኝና ሞረዴንና መሰርሰሪያዬን ሁሉ ይዘው ሄዱ። ፈቃድ አውጥቼ የገዛሁት ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀበቶዬን ረስቼ እወጣ ይሆናል እንጂ እሱን ረስቼ ወጥቼ አላውቅም። ባለቤቴ «ሦስተኛው የቤታችን ሰው» ትለዋለች፤ እየሳቀች አይደለም ታዲያ።

ከሱቄ አምስት መንገድ አለፍ ብሎ አንድ ልብስ ስፌት ቤት አለ። ባለቤቷ መቀስ ከአንገታቸው ስለማይለይ ሠራተኞቹ ከጀርባቸው ወይዘሮ መቀስ ይሏቸዋል። የቤቱን በሮች ሁሉ የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ በየሳምንቱ እየሄድኩ መቀርቀሪያ አጠብቃለሁ፣ የደከመ ቁልፍ እቀይራለሁ። መግቢያው ላይ በትልልቅ ፊደል «ሽጉጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ አለ። ሰሌዳውን በአራት ብሎን ግድግዳ ላይ ያሰርኩትም እኔው ነኝ፣ ጉድ በይ! ካቻቢቴውን ሳዞር ሽጉጡ ወገቤ ላይ ነበር።

ስምንት ወር ሙሉ በዚያ ሰሌዳ ሥር ይዤው ገባሁ፣ ይዤው ወጣሁ። አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም አይደል? ፈቃድ አለኝ፣ ማንንም አልነካ፣ ከጃኬቴ ሥር ነው፣ ማን አየው? እንዲህ እያልኩ ራሴን አስተኛሁት። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩም እንደኔው ታጣቂ ነውና «ሕግ የፈቀደልህን አንዲት ሰሌዳ ትከለክልሃለች እንዴ? ሌባ እንደሆነ ማስታወቂያ አንብቦ አይመለስ» እያለ ያበረታታኝ ነበር። አንድ ቀን ባለቤቴ ይህን ሰማችና «አንተስ ሱቅህ ውስጥ ሲጋራ የሚያጨሰውን ለምን ታስወጣለህ? ሲጋራንም እኮ ሕግ ፈቅዶታል» አለችው። «ሲጋራ ይሸታል፣ የኔ ሽጉጥ አይሸትም» ብሎ መለሰላት። እኔ መሐል ላይ ቆሜ የማን ወገን እንደሆንኩ ጠፋኝ፤ ሁለቱም እውነት መሰሉኝ።

አባታችን ሙያውን ሲያስተምረኝ እኮ መጀመሪያ የነገረኝ ስለ ሞረድ አልነበረም። «ባለቤቱ ግባ ሳይልህ እግርህ ከደፉ አይለፍ፤ እስከዚህ ያለህ ቦታ ላይ ቁም» ነበር ያለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ ቃል ኖሬአለሁ። የመኝታ ቤቱን በር አትንካ ካሉኝ ዓይኔ እንኳ ወደዚያ አይዞርም። ታዲያ ያ ሁሉ ጨዋነት ወገቤ ላይ ሲደርስ ምን ነካው? ይኼ ነው የማይገባኝ።

አንድ ጠዋት ተንበርክኬ የታችኛውን መቀርቀሪያ ስፈታ ጃኬቴ ወደ ላይ ተሰበሰበ። ጨርቅ ቆራጯ ከጀርባዬ ነበረች። ጮኸች ብል ይሻለኝ ነበር፤ አልጮኸችም። የያዘችውን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ቦርሳዋን አንስታ፣ በጓሮ በር ወጥታ ሄደች። ሌሎቹ አንድ በአንድ መኪናቸውን አቆሙ። ያ ሁሉ የስፌት መኪና ዝም ሲል ጃኬቴን ወደ ታች ጎተትኩ።

ወይዘሮ መቀስ መጡ። ዱላ ቢያነሱብኝ በወደድኩ። ቀስ ብለው «ይህን በር ማን ነው የሠራልኝ?» አሉኝ። «እኔ» አልኳቸው። «የሠራኸውን ራስህ ሰበርከው» አሉ። ፈቃድ አለኝ፣ ተደብድቤ ነው፣ ክፉ አላሰብኩም እያልኩ ስቀባጥር ጨርሼ እስኪበቃኝ ጠበቁና፣ «ለምን እንደከለከልኩ ብነግርህ ትከራከረኛለህ። ደጄ ነው ብልህ ግን ምን ትላለህ?» አሉኝ። ካቻቢቴዬን ከወለሉ አነሣሁ። ከሥራው ግን አላባረሩኝም፤ «ሳምንት ያለሱ ና» ብቻ አሉኝ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ጥፋተኛ ነኝ ብዬ አርፌ እተኛ ነበር። ዕቃዬን ጠቅልዬ ስወጣ እጅጌ ሰፊዋ፣ ከሠራተኞቹ ሁሉ ቃል የማይወጣት ሴት፣ አጥሩ ጋ ደረሰችብኝ። ግራ ቀኝ አይታ «ወንድሜ፣ አንተ እንደያዝክ ካወቅኩ ቆይቻለሁ» አለችኝ። የፈታችው ባሏ በሥራ መውጫ ሰዓት በሩ ላይ እየጠበቀ ያስፈራራታል ለካ። «አንተ የምትመጣበት ቀን ብቻ ነው ልቤ የሚያርፈው፤ እባክህ አትተወው» አለችኝ። አይ እትዬ! አንዷ በኔ ምክንያት ሥራዋን ጥላ ሄደች፣ አንዷ በኔ ምክንያት ሥራዋ ላይ ቆየች። ለማን ልታዘዝ? ያን ቀን እህል ሳልቀምስ ዋልኩ።

ያም ሆነ ይህ በሳምንቱ ታዘዝኩ። ታዘዝኩ እንኳ ብል ግማሹን ነው። ቤት ትቼው እንዳልሄድ መንገዱ አስፈራኝ። ስለዚህ እስከ በሩ ይዤው ሄድኩና መኪናዬ ውስጥ፣ ከወንበሩ ሥር ባሰርኳት የብረት ሣጥን ቆለፍኩበት። አሁን የምነግርሽን አባታችን ቢሰማ ከመቃብሩ ይነሣል። ሣጥኗ ላይ የነበረው ጓጉንቸር ከዚያ ከርካሹ ዘር ነበር፤ መቶው ሁሉ ባንድ ዓይነት ቁልፍ የሚከፈተው። ለደንበኛ «ይህን አትግዛ፣ የጎረቤትህ ቁልፍ ይከፍተዋል» እያልኩ ስመክር የኖርኩት ሰውዬ፣ ለራሴ ደህናው እስኪመጣ ለጊዜው ብዬ እሱን አንጠለጠልኩ። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይሉሻል ይኼ ነው። ሁለት መቀርቀሪያ ቀይሬ ስወጣ የመኪናው መስኮት ረግፏል፣ ጓጉንቸሩ ምንም ሳይጫር ተከፍቶ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ሽጉጡ የለም።

ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ አመለከትኩ። መርማሪው «ፈቃድ ስትወስድ ከራሴ አልለየውም ብለህ ፈርመሃል፤ ለምን መኪና ውስጥ ተውከው?» አለኝ። «ባለቤቷ ይዘህ አትግባ ስላሉኝ ነው» አልኩት። «እንግዲያ አትግባ ነዋ!» አለኝ። ሥራዬ ነው ስለው ትከሻውን ሰበቀ። ፀጉር አስተካካዩ ሲሰማ ጭኑን እየመታ «አላልኩህም? ሳትታዘዝ ስምንት ወር ምንም አልሆንክ፣ በታዘዝክ በአንድ ቀንህ ይኸው!» አለ። ባለቤቴ ደግሞ «መጀመሪያውኑ ባይኖርህ የሚሰርቁህም አይኖርም ነበር» አለች። ወይዘሮ መቀስ ግን ፊታቸው ተለዋውጦ «ጥፋቱ የኔ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አይደለም ብል ውሸት፣ ነው ብልም ውሸት መሰለኝ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የመኪና አጣቢዎች ከውሃ መውረጃ ቦይ ውስጥ በፌስታል ተጠቅልሎ አገኙት። ስድስት ጥይት ነበረበት፤ የተገኘው ከአምስት ጋር ነው። ስድስተኛዋ የት እንደገባች መርማሪውን ብጠይቀው «ሞክረውበት ይሆናል፣ እዚህ የደረሰን ነገር የለም» አለኝ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ጋዜጣ ሳነብ ዓይኔ የሚሄደው ወደ አደጋው ገጽ ነው። ደንበኛ ሲያነክስ ካየሁ እግርህን ምን ሆንክ እላለሁ። አንዱ «አንተ ቁልፍ ሠሪ ነህ ወጌሻ?» ብሎ ሳቀብኝ። ቢስቅ አልፈርድበትም፣ ምኑን ያውቃል።

ከጣቢያው ሐሙስ መጥተህ ፈርመህ ውሰድ ብለውኛል። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ከወሰድኩት ወዴት ይዤው እገባለሁ? ከተውኩት ደግሞ ወደ አንቺ የሚያመጣው መንገድ አንድ ቀን ተኩል ነው፤ አሮጌ መኪናዬ ያን መንገድ አትችለውም፣ አውቶቡስ የሚቀየርበት ቦታ ደግሞ ያስፈራኛል። ጎልማሳ ወንድምሽ ይፈራል፣ እወቂው። የሰው ቤት ሕግ ሲፈርስ ክፉ ነው እላለሁ፤ ወዲያው ያቺ እጅጌ ሰፊ ትመጣብኛለች። ይዞ መግባት ይሻላል እላለሁ፤ ወዲያው ያቺ ጨርቅ ቆራጭ ቦርሳዋን አንስታ ስትወጣ ይታየኛል። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆንኩልሽ።

የቀረው የኔና የአንቺ ነው፤ እስካሁን ያንከረፈፈኝም እሱ ነው። ልጅሽ ያኔ ሕፃን ሳለ የአባቱን ሽጉጥ ከቁም ሣጥን አውጥቶ እየሳቀ ፊትሽ ላይ ከደገነ ወዲህ «በቤቴ ብረት አይገባም» ብለሽ ለዘመድ ሁሉ ተናግረሻል። እኔም ሰምቻለሁ። ባለፈው ዓመት መጥቼ ሦስት ቀን ስቀመጥ ግን ይዤው ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ፣ አልጋው ሥር። በሦስተኛው ቀን ትንሿ ቦርሳውን ጎትታ አውጥታ ዚፑን ስትከፍት ደረስኩባት። መንጭቄ ወሰድኩባትና ጮኽኩባት፤ እስክትንቀጠቀጥ አለቀሰች። አንቺ «ልጅ ጠልተህ ነው ወይ የመጣኸው?» ብለሽ ተቆጣሽኝ። ምራትሽ አቅፋት ወጣች። እኔ «ድካም ነው» አልኩ። ድካም አልነበረም እትዬ። ዚፑ እስከ ግማሽ ተከፍቶ ነበር።

ምራትሽ እዚህ ስትደርስ ድምፅዋ ቢቋረጥ ቀጥዪ ብለሽ አትጫኚያት። እናት ናት፤ የምትለኝን ሁሉ ትበለኝ፣ ይገባኛል። ስለ ወይዘሮ መቀስ ደጅ ከፀጉር አስተካካዩ ጋር እስከ ነገ ልከራከር እችላለሁ፣ እስካሁንም ማን እንደሚረታ አላውቅም። ስለ አንቺ ደጅ ግን አንድም መከራከሪያ አጣሁ። አምነሽኝ ስላልፈተሽሽኝ ነው ያስገባሁት።

በሩን የሠራሁልሽ ጊዜ «አንተ እንግዳ አይደለህም፣ ሳታንኳኳ ግባ» ብለሽ አንዱን ቁልፍ ለኔ ሰጥተሽኝ ነበር። ከዚህ ወረቀት ጋር በፖስታው ውስጥ አለልሽ። ቅጂ አላስቀረሁም። ሐሙስ ምን እንደማደርግ ገና አልቆረጥኩም፤ ይህን ግን ቆርጫለሁ። ና ካልሽኝ ውጭ ቆሜ አንኳኳለሁ፤ ምራትሽ ቦርሳዬን እስከ ታችኛው ክር ትፈትሸው፣ ከዚያ አንቺ ግባ ትዪኛለሽ። አትምጣ ካልሽም ዓይንሽ እንዴት እንደሆነ ብቻ አስጽፊልኝ።

ለልጅሽ ሰላም በይልኝ፤ የጓሮውን መቀርቀሪያ ዘይት ይቀባው። ለምራትሽ ሰላምታዬን ከይቅርታ ጋር፣ ከፈቀደች። ለትንሿ በሁለት ጉንጯ ሳሚልኝ፤ የጮኸባት አጎቷ በእሷ ተቆጥቶ እንዳልነበረ ንገሪያት። ባለቤቴ ጉልበትሽን ሁለት ጊዜ ትስማለች። እኔ እስክትፈቅጂልኝ ከሩቅ ልሳም።

ታናሽ ወንድምሽ

ከሱቄ፣ ከቁልፍ መቅረጫው ማሽን አጠገብ
ማክሰኞ ከሰዓት፣ ወሩ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን