ብልቃጡ ላይ ያለው ውሃ ከየት መጣ?

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10፡30

ዛሬ በጤና ኬላችን የክትባት ቀን። ዝናቡ ገና መውጣቱ ነው፤ ሙቀቱ ያፍናል፣ አየሩ እርጥብ። ከሽንፋ ወንዝ ወዲያ ካለው የሰሊጥ እርሻ አንዲት የወሎ ሴት መጣች። ከድጃ ትባላለች፤ ለአጫጆች ታበስላለች። የሦስት ወር ሴት ልጅ አዝላለች። ክትባቱን ከበረዶ ሣጥኑ ሳወጣ ብልቃጡ ውሃ ለበሰ። ጠረግሁት። ዓይኗ እያየ መልሶ ረጠበ።

"ያፈሳል፣ እህቴ።"

አያፈስም፣ ቅዝቃዜው ነው አልኋት።

"ቅዝቃዜ ውሃ ይወልዳል?"

ሰልፉ ከበር አልፏል። ዝም ብለሽ ልጅሽን ያዢ አልኋት። ልጇን ሳታስከትብ አዝላ ሄደች።

ለአንተ እውነቱን ልንገርህ፣ ደብተሬ። መልሱን አላውቀውም። ት/ቤት ለፈተና አጥንቼ እዚያው ጥዬው የወጣሁት ነገር ነው።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡30

የአጫጆቹ ካምፕ ውስጥ ትክትክ ሳል ገብቷል አሉ። የሦስት ወር ልጅ ትክትክን አትችልም። እኔ ነኝ ያባረርኋት።

ስልኬ ላይ ሳነብ ቆየሁ። ውሃው ከአየር ነው። ከወንዙ፣ ከእርጥቡ መሬት፣ ከላባችን የተነሣ እንፋሎት በዙሪያችን አለ፤ አይታይም። ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ሙቀቱን ያጣል፤ መንሳፈፍ ያቅተዋል፣ ተሰብስቦ ጠብታ ይሆናል። እሺ። ግን በወሬ ታምነኛለች? እኔስ ብሆን አምናለሁ?

ያው ቀን፣ 9፡00

ጠዋት ጠርሙስ ሙሉ ቀይ ከርከዴ ጋሽ ፈንታሁን ሱቅ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬ ነበር። አሁን አወጣነው። ወዲያው ረጠበ። በነጭ ፋሻ ጠረግሁት፤ ቀይ የለበትም። ቢያፈስ ኖሮ ፋሻው ይቀላ ነበር። ጋሽ ፈንታሁን ፋሻውን ተቀብለው አገላብጠው አዩ። እስከ ዛሬ የጠርሙሶቹ ክዳን ላላ እያሉ ሲያጠብቁ መኖራቸውን ነገሩኝ። ሳቅን።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ፣ 11፡00

በባጃጅ ካምፕ ሄድሁ። ክትባቱ በሣጥኑ፣ ከርከዴው ለብቻ በበረዶ። ከድጃ ወጥ እያማሰለች ነው። ልጅቷ ደህና ናት፤ አልሳለችም። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅሁ። ቀና ብላ አላየችኝም። ውሃው ከአየር እንደሚመጣ ነግሬ ጠርሙሱን ሰጠኋት። በሻሿ ጫፍ ጠረገችው፣ ቀይ ፈለገች፣ አሸተተችው። ከዚያ ያላሰብሁትን አደረገች፤ ጠርሙሱን ከድስቱ እንፋሎት አጠገብ ያዘችው። ውሃው በዝቶ ወረደ። ጠርሙሱን መለሰችልኝ።

"ማክሰኞም እንዲህ ብትነግሪኝ አልሄድም ነበር።"

የልጅቷን ጭን ገለጠችልኝ። ስወጋት ልጅቷ አለቀሰች። እናትየውም ዓይኗን ጠረገች፤ የምድጃው ጭስ ነው አለች።

ሌሎች እናቶች ተሰበሰቡ። አንዷ ክትባቱ ለምን ልጅ ያተኩሳል ብላ ጠየቀችኝ። ግማሹን አውቃለሁ፣ ግማሹን አላውቅም። እንደዚያው ነገርኋት። ጠይቄ እሑድ እመጣለሁ አልሁ። እሑድ ረፍቴ ነው። እሄዳለሁ።