«ማን ጣለሽ?» ብለው ያስተማሩንን በማጣታችን

የአካባቢያችን የቤት ውስጥ ጥቃት መከላከያ ማኅበር ሥራ አመራር ኮሚቴ፣ የማኅበሩ መሥራችና የወርኃዊ ስብሰባዎቹ መሪ የነበሩትን፣ ማይክ ከእጃቸው ስለማይለይ ሰፈሩ «እትዬ ማይክ» እያለ የሚጠራቸውን ጡረታ የወጡ መምህርት በሞት ማጣቱን ለአባላት፣ ለተባባሪ መሥሪያ ቤቶችና ለሕዝቡ የሚያስታውቀው በጥልቅ ሐዘን ነው። ሟች ለረጅም ጊዜ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው በሆስፒታል ዐርፈዋል። ኮሚቴው ሐዘኑ በድካም ላይ ተደርቦበታል፤ መግለጫው የዘገየውም በዚሁና ከዚህ በታች በሚነገረው ጉዳይ ምክንያት ነው።

ሟች አብዛኛውን የሥራ ዘመናቸውን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሳልፈዋል። ጡረታ ሲወጡ አርፈው ይቀመጣሉ ሲባል ይህን ማኅበር አቋቋሙ። ለምን እንዳቋቋሙት የማያውቅ የኮሚቴ አባል የለም። ታናሽ እህታቸው፣ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ባለ ቤት፣ ከሚደበድባቸው ባል ጋር ይኖሩ ነበር። ሟች እህታቸውን ከዚያ ቤት ለማስወጣት ያልሞከሩት ዘዴ የለም፤ አልተሳካላቸውም። ነገሩን ባነሡባቸው ቁጥር እህታቸው «እባክሽ፣ ገመናዬን አታውጪብኝ» ይሏቸው ነበር። ይህ እዚህ እንዲጻፍ የፈቀዱት ራሳቸው እህታቸው ናቸው።

በመጀመሪያው ዓመት፦ ለመጀመሪያው የግንዛቤ ማስጨበጫ ስብሰባ የተሰራጨው የጥሪ ወረቀት «ለተከበሩ አባወራ» የሚል ነበር። ለሌላ ስብሰባ የተዘጋጀውን ወረቀት አንድ ባልደረባችን እንዳለ ገልብጦት ነው። አዳራሹ በወንዶች ጢም ብሎ ሞላ፤ ሴቶቹ ቤት ቀሩ። አባወራዎቹ ስለ ሴቶች ችግር በሰፊው ተወያዩ፣ ተጨበጨበ፣ ውኃም ተጠጣ፣ ተበተነ። ሟች አልተቆጡም። በሚቀጥለው ወር ለሴቶቹ ሌላ ጥሪ አሰራጩ፤ የመጡት ግን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የአዳራሹ ዋና በር ከታክሲ ማቆሚያው ፊት ለፊት በመሆኑ የገባች ሁሉ ትታያለች።

በሁለተኛው ዓመት፦ ሟች ከአዳራሹ ጀርባ የሚሠሩትን አናጢ አነጋግረው በአናጢው ግቢ በኩል መግቢያ አስከፈቱ። ቁም ሣጥን ላሠራ ነው ብላ ከቤቷ የወጣች ሴት በጣውላና በሰጋቱራ መሀል አልፋ ትገባለች። አናጢው «የሰፈሩ ሴት ሁሉ ቁም ሣጥን አዞኛል፤ መጥቶ የወሰደ ግን የለም» እያሉ ይቀልዱ ነበር። አዳራሹ መሙላት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

በሦስተኛው ዓመት፦ አንድ ድርጅት «ጥቃት ይብቃ!» የሚል ቲሸርት አሳትሞ ለገሰን። ብዙም ሳይቆይ አንድ ባል ያንኑ ቲሸርት እንደለበሰ ሚስቱን ደብድቦ ፖሊስ ጣቢያ ቀረበ። ሟች የተረፈውን ቲሸርት ሰብስበው ለወለል መወልወያ እንዲሆን ለአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ ሰጡ። ማኅበሩ ከዚያ በኋላ ቲሸርት አላሳተመም። የዓመታዊው በዓላችን ባነር ግን አልቀረም፤ ዓመተ ምሕረቱ ላይ ወረቀት እየተለጠፈበት በየዓመቱ ይሰቀላል። የክብር እንግዶችም እንደ ልማዳቸው ዘግይተው ይመጣሉ፣ መክፈቻ ንግግር ያደርጋሉ፣ ሴቶቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ «አስቸኳይ ስብሰባ አለብኝ» ብለው ይሄዳሉ። ይህን የምንጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ስለሰለቸን ነው።

ማኅበሩ ከሟች ካገኘው ሁሉ ትልቁ ግን አንድ ጥያቄ ነው። ለአባሎቻችንና ለጤና ጣቢያው ነርሶች በሰጡት ሥልጠና ላይ የተናገሩትን ቃል በቃል እናስታውሰዋለን፦ «ምን ሆንሽ ካላችኋት፣ ወደቅኩ ትላችኋለች። እናንተም አይዞሽ ብላችሁ ትሸኟታላችሁ። ማን ጣለሽ በሏት። እውነት የወደቀች ትስቃለች። ያልወደቀች ዝም ትላለች። ዝም ካለች አጠገቧ ተቀመጡ።» በዚህ ጥያቄ የተነሣ ጤና ጣቢያው ውስጥ አንደበታቸው የተፈታ ሴቶች ጥቂት አይደሉም። እርግጥ ነው፣ ደረጃ ላይ አዳልጧቸው የወደቁ አንዲት አሮጊት «ደረጃው ነዋ! ክሰሱልኝ» ብለው ነርሶቹን እንዳሳቋቸውም አይዘነጋም።

ባለፈው ዓመት በተካሄደ ስብሰባ ላይ የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ከመሀል ተነሥተው «እትዬ፣ የራስዎን እህት ሳያስወጡ ነው እኛን የሚመክሩን?» ሲሉ ጠየቁ። ሟች ማይኩን ጠጋ አድርገው «አልቻልኩም» አሉ። «ብቻዬን ስላልቻልኩ ነው በየወሩ የምጠራችሁ።» ፀጉር አስተካካዩ ተቀመጡ፤ በሚቀጥለው ወር ባለቤታቸውን ይዘው መጡ። ሟች ከዚያ ወዲህ እግራቸው እያበጠ ስለተቸገሩ ስብሰባዎቹን የመሩት ተቀምጠው ነው። እንዲያርፉ ለመንናቸው፤ አልሰሙንም።

በቀብሩ ዕለት ታናሽ እህታቸው፣ ሰማዩ ደመና ሆኖ ሳለ፣ ጥቁር መነጽር አድርገው ከባላቸው ጋር መጡ። ጉንጫቸው አብጧል። አባሎቻችን በየተራ እያቀፉ «ምን ሆንሽ?» አሏቸው። «ወደቅኩ» አሉ። የኮሚቴያችን ሰብሳቢም «አይዞሽ» ብለው አለፉ። ከመካከላችን ሥልጠናውን ያልወሰደ አልነበረም። የጠየቁት የሟች ባለቤት ናቸው። በሙያቸው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆኑት እኚህ ሰው በየስብሰባው ድምፅ ማጉያውን ተሸክመው ይመጣሉ እንጂ አንድ ቀን እንኳ ተናግረውበት አያውቁም። በለቀስተኛው መሀል ቆመው «እህት ዓለም፣ ማን ጣለሽ?» አሏቸው።

እህታቸው ዝም አሉ። እሳቸውም አጠገባቸው ቆመው ጠበቁ። በመጨረሻ መነጽራቸውን አወለቁና በአገጫቸው ወደ ባላቸው እያመለከቱ «ይሄ» አሉ። «ይሄ ነው የጣለኝ። ስንት ዓመቱ!» ከቀብር ወደዚያ ቤት አልተመለሱም።

በሐዘኑ ሳምንት ሽማግሌዎች ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጥተዋል። «ሐዘኑ አናውጧት ነው እንጂ ትዳሯን ትወዳለች፤ ነገሩ በቤተሰብ ይያዝ» ብለውናል። ባልየውም ስማቸው በዚህ መግለጫ ላይ ከሐዘንተኛው ቤተሰብ ተርታ እንዲገባ፣ ባለቤታቸው የት እንዳሉም እንዲነገራቸው ጠይቀዋል። ኮሚቴው ለሁለቱም ጥያቄ የሚሰጠው መልስ «አይሆንም» ነው። ጉዳዩን ፖሊስ ይዞታል። ሽማግሌዎቹን እናከብራቸዋለን፤ ዳግመኛ እንዳይመላለሱ ግን እንለምናቸዋለን። እነሱም ደክሟቸዋል፣ እኛም ደክሞናል።

ለሟች ባለቤትና ለልጃቸው፣ ለጤና ጣቢያው ነርሶች፣ ለአናጢው፣ በዚያ አዳራሽ አንድ ጊዜም ቢሆን ለተቀመጡ ሴቶች ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። የሚቀጥለው ስብሰባ በተለመደው ቅዳሜ ይካሄዳል። ማን እንደሚመራው ገና አላወቅንም፤ ወንበሩን ግን እንደረድራለን።

ለታናሽ እህታቸውም ልባዊ ሐዘናችንን እንገልጻለን። ሟች እህታቸው ከዚያ ቤት የሚወጡበትን ቀን ሲጠብቁ ኖሩ። ቀኑ የመጣው እሳቸው በተቀበሩበት ዕለት ነው፤ ያየነው እኛ ነን፣ እሳቸው አላዩትም። ይህ ያንገበግበናል። እህታቸውን ማጽናናት የሚፈልጉ ሁሉ ቃላቸውን በጽሕፈት ቤታችን በኩል ሊያደርሱላቸው ይችላሉ። ያሉበትን አንናገርም።