በነሐሴ ጉም ከእንጦጦ መውረድ

የካ ሚካኤል
ነሐሴ 22 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህ ዘንድሮስ ለቀቀህ ወይስ ኮምቦልቻ ድረስ ተከትሎ ያስቸግርሃል? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ ያቺ ከልጆቹ አብልጠህ የምታወራላት ላምህ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን። ጣሪያው በሁለት በኩል ያፈሳል፤ ከሥሩ ያለነው ሰዎች ግን ጤነኞች ነን። ብዙነሽ ፍልሰታን ጾማ ከስታለች፤ ድምጿ ግን አልከሳም። መሠረት ሰላም ትልሃለች። ይህን ስጽፍ እየወጣች እየገባች «አባዬ፣ ምን ብለህ ነው የምትጽፈው?» ትለኛለች። የቀበሌ ስብሰባ ጥሪ ነው ብያታለሁ።

የእኔን ከጠየቅኸኝ ምንም አልሆንኩም። ፊደሌ ከወትሮው ገዘፍ ቢልብህ አትገረም፤ እስክሪብቶው ወፍራም ነው። ጋዜጣ የምታነብልኝ መሠረት ናት፤ የዘንድሮ ጋዜጣ ቀለሙ አይረባም። ከመሸ መኪና አላስነሳም፤ ቤንዚን በኩፖን በሆነበት ዘመን ማታ ማታ መዞር ምን ይባላል።

አሁን ወደ ጉዳያችን። ሽማግሌዎችህ በሰኔ መጥተው ለልጅህ ለኢታና ልጄን መሠረትን ሲጠይቁኝ «እናስብበት» ብዬ ሸኘኋቸው። ከዚያ ወዲህ ዝም ማለቴ ቅር ሳያሰኝህ አልቀረም። ልጅህን ጠልቼው አይደለም። እኔና አንተ በአሰብ መንገድ ስንት ዘመን አንድ ካሚዮን ላይ ኖረናል፤ አንተ ስታንኮራፋ እኔ ስነዳ፣ እኔ ሳንኮራፋ አንተ ስትነዳ። ዘርህን አውቀዋለሁ። ነገር ግን እኔ ሰው የማውቀው ሲነዳ ነው፤ ይህን ጠባዬን ደግሞ አንተ ታውቃለህ። ኢታና መንጃ ፈቃድ ያወጣው አምና ነው፤ ያውም በጥር፣ በደረቅ መንገድ።

ስለዚህ ክረምቱ እስኪጠና ጠበቅሁ። መሠረትን «ይህ ልጅ ጭቃ ላይ ሲነዳ ሳላይ መልስ አልሰጥም» አልኳት። «እሱ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ጭቃ ላይ ምን ያስኬደዋል?» አለች። «ትዳርም ያስኬደዋል» አልኳት። አልሳቀችም። ወዲያው ሄዳ ነገረችው መሰለኝ።

ብዙነሽ እንጦጦ ማርያም ሱባኤ ገብታ ነበር። ጾሙ በሚፈታበት ቀን፣ በአሥራ ስድስት፣ ሄደን እንድናመጣት ኢታናን አስጠራሁት። ሱሪውን አስተኩሶ፣ ከረባት አስሮ መጣ። «ለጭቃ ነው ይኼ ሁሉ?» አልኩት። «መሠረት ናት እሰር ያለችኝ፤ እኔማ ቦቲ ጫማ ፈልጌ ነበር» አለ። የቮልሷን ቁልፍ ሰጥቼው ጎኑ ተቀመጥኩ።

እሱ ግን ወዲያው አልተነሳም። ዞሮ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእግሩ መታ፤ የዝናብ መጥረጊያውን አስነስቶ አየ፤ ፍሬኑን ደጋግሞ ረገጠ። ከዚያ ከግቢዬ ሁለት ትልልቅ ድንጋይ አንስቶ ጫነ። «እንጦጦ ድንጋይ አጣ ተባለ እንዴ?» ብለው «እዚያ ያለው ርጥብ ነው፣ ጋሼ፤ ጎማ ሥር ያንሸራትታል» አለኝ። ደስ አለኝ፤ አልነገርኩትም።

ሽሮ ሜዳን አልፈን ሽቅብ ስንይዝ እንደ ቀብር መኪና ነው የነዳው። ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ሲያጋጥሙን ይቆማል። አህያ ሲያጋጥመን ይቆማል። «በዚህ አያያዝህ ብዙነሽ የሚመጣውን ፍልሰታ ትጀምራለች» አልኩት። «እሱንም እንጠብቃታለን» አለ። ከአስፋልቱ ወጥተን ኮረኮንቹን ከጀመርን በኋላ አንድ ጠመዝማዛ ላይ ጎማው ጭቃ ውስጥ መሽከርከር ጀመረ። ሌላ ጀማሪ ቢሆን ነዳጁን ረግጦ መኪናዋን እስከ ሆዷ ይቀብራት ነበር። እሱ እግሩን አነሳ፤ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ለቀቃት፤ ሳር ሳሩን ይዞ እንደገና ወጣ። አንገቱ ላይ ግን ላብ ነበር። መሠረትን አስቦ ይሆናል።

ብዙነሽ ከነጓዟ ተገኘች። አንሶላዋ፣ ምንጣፏ፣ አንድ ጀሪካን ጠበል፣ የተቆላ ባቄላ በከረጢት። ኋላ ወንበር ገብታ ሁለታችንንም ባረከችንና መውረድ ጀመርን። ሩቅ አልሄድንም። ኢታና መኪናዋን ወደ ተራራው ጥግ አስጠግቶ አቆማት፤ የእጅ ፍሬን ሳበ፤ ወርዶ ድንጋዮቹን ጎማ ሥር ከትቶ ተመለሰ።

«ምን ሆንክ?» አልኩት። «ጉም ወረደብን፣ ጋሼ። ሕዝቡም ከቤተ ክርስቲያን እየወረደ ነው፤ መንገዱን ሞልቶታል። እስኪገልጥ እንጠብቅ» አለ።

ወደ ፊት አየሁ። ለእኔ መንገዱ እንደ ሁልጊዜው ነው የታየኝ። «የምን ጉም?» አልኩት። ዞሮ አየኝ። «ጋሼ፣ አምስት እርምጃ አይታይም እኮ» አለኝ። ፈርቶ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ፈሪ ደግሞ ምክንያት አያጣም። «እኔና አባትህ ጣርማ በርን ሙሉ ጭነት ይዘን በክረምት ስንወርድ ጉም ነው ብለን አናውቅም» አልኩት። «አባቴ ጣርማ በር ላይ ጉሙን ፈርታችሁ ቆማችሁ እንዳደራችሁ ነው የነገረኝ» አለ። ይህን ለልጅ መንገር ለምን እንዳስፈለገህ ስትመጣ ታስረዳኛለህ።

ተናደድኩ። አንዴ ከተናደድኩ እንዴት እንደሆንኩ ታውቃለህ። «ሞተሩን አስነሳና ውረድ» አልኩት። እጁን ወደ ቁልፉ አልሰደደም። «ካልወረድክ መሠረትን እርሳት» አልኩት። ጆሮዎቹ ቀሉ። መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ቆየና «እሺ» አለ። «እሺ፣ ልትወርድ ነው?» «እሺ፣ ልጅዎ ናት፣ የእርስዎ ፈቃድ ነው። እኔ ግን ይህን ሁሉ ሰው እየገጨሁ አልወርድም» አለኝ።

ብዙነሽ ከኋላ «አንተ ሰውዬ፣ ሱባኤ ገብቼ የለመንኩትን ቁጭ ብለህ ታፈርሰዋለህ?» አለች። ስለ ልጁ ነው የለመነችው ማለት ነው፤ ለካ ሁሉም ሰው ከእኔ በፊት ጨርሷል። ይኼ ደግሞ አባሰኝ። ወርጄ የመኪናዋን ገላ በእጄ እየዳበስኩ ዞርኩና በሩን ከፍቼ «ተነስ፣ እኔ እነዳለሁ» አልኩት።

ቁልፉን ይዞ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ሰጠኝ። «ይንዱ፣ ጋሼ። እኔ ከፊት ከፊት እሄዳለሁ፤ እኔን እያዩ ይምጡ። እኔን ካዩኝ ሰውም ያያሉ» አለ። ድንጋዮቹን አነሳ፤ የብዙነሽን ጥቁር ጃንጥላ ዘረጋና ሄደ።

ሞተሩን አስነሳሁ፤ መብራት አበራሁ፤ አንደኛ ማርሽ አስገባሁ። ብዙነሽ «ይኸው፣ ቆሞልሃል» አለችኝ። ቀጥላም «ጃንጥላውን ከፍ አደረገው፤ እየው» አለች። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው በትከሻዬ ላይ አሻግሮ እንዲህ ማየቱ ገረመኝ። «የቱ ጋ?» አልኳት። ዝም አለች። ብዙነሽ ዝም ስትል ብዙ ጊዜ አይተህ አታውቅም።

ክላክስ ነካሁ። «እዚህ ነኝ፣ ጋሼ» አለ። ድምፁ የመጣው ከመብራቱ አጠገብ ነው። እጄን በመስኮት ብዘረጋ የምነካው ይመስል ነበር። እግሬ ፍሪሲዮኑን ለመልቀቅ ምንም አልቀረውም ነበር።

ሞተሩን አጠፋሁ።

ልጅ ያዘለች ሴት ከየት እንደመጣች ሳላውቅ የመኪናዋን አፍንጫ ዳብሳ በመስኮቴ በኩል አለፈች። «እንኳን አደረሳችሁ» አለችን። ከኋላዋ ሌሎች ነበሩ፤ እግራቸውንና ጸሎታቸውን ነው የሰማሁት። ኢታና መጥቶ በሩ አጠገብ ቆመ። አንድም ቃል አልተናገረም። አንተ ብትሆን ኖሮ ዕድሜ ልክህን ታወራበት ነበር። ብዙነሽ ከኋላ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ «ጉም ነው» አለች። «አዎ፣ ጉም ነው» አለ ኢታና። እኔም ጉም ነው አልኩ። ሦስታችንም ጉም መሆኑን ከተስማማን በኋላ ቦታ ተቀያየርን።

ድንጋዮቹ ተመልሰው ጎማ ሥር ገቡ። መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብለን ባቄላ ስንቆረጥም ቱሉ የሚባል የተራራው ገበሬ አህያውን እየነዳ መጣና በመስኮት ጎንበስ አለ። «መኪናችሁ ደከማት እንዴ? አህያዬን ላውሳችሁ?» አለ። ብዙነሽ ባቄላ ዘገነችለት። እሱም በምላሹ ከታች፣ ሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይ፣ አፈር ተንዶ ግማሹን መንገድ እንደያዘና አፈሩን ተጠግተን እንድንወርድ ነገረን። «ጉሙ ሳይነሳ የሚወርድ ሰው እዚያ ጋ አፈሩን ቀድሞ አያየውም፤ ሲደርስበት ይሸሸውና ገደል ይገባል» አለ። ይህን ሲል ወደ እኔ ነው ያየው ወይስ ወደ ኢታና፣ አላውቅም። ባቄላውን ቀጠልኩ።

ጉሙ ተነሳ ሲሉኝ ወረድን። አሁን ደግሞ የእኔን ድርሻ ስማ። የቮልስ ሞተር ድምፅ ለእኔ እንደ ብዙነሽ ድምፅ ነው፤ ሲከፋው ቀድሜ አውቃለሁ። ልጁ ቁልቁለቱን ሁለተኛ ማርሽ ይዞ ሲጀምር «አንደኛ መልስ፤ ሞተሩ ይያዛት፤ ፍሬን ለመቆም ነው እንጂ ለመውረድ አይደለም» አልኩት። መለሰ። ውኃ ካቋረጥን በኋላ ፍሬኑን ነካ ነካ አድርጎ እንዲያደርቀው ነገርኩት። አደረቀው። ያ የተናደው አፈር ጋ ስንደርስ መኪናዋ ኋላዋ አመለጣት፤ ወደ ገደሉ መንሸራተት ጀመረች። ሲሸሽ ወንበሬ ላይ ተሰማኝ። እግሩ ወደ ፍሬን ሲሄድም ተሰማኝ። «ፍሬን አትንካ! መሪውን ኋላዋ ወደሄደበት አዙር» አልኩት። ወደ ገደሉ አዙር ማለት እኮ ነው። ቅድም ልጄን ብከለክለው እንኳን እምቢ ያለኝ ሰው አሁን ቃል ሳይመልስ አዞረ። መኪናዋ ተስተካከለች። ብዙነሽ ጠበሏን ግማሹን እኔ ላይ ደፍታው ነበር። «ደግ ሆነ፤ ያስፈልግህ ነበር» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ እስከ ሽሮ ሜዳ ድረስ ስንወርድ እኔ እየሰማሁ እሱ እያየ ነው። አንድ ጥሩ ሹፌር ወጣ፤ ከሁለታችን።

ቤት ስንደርስ መሠረት በር ላይ ቆማ ነበር። አላየችኝም፤ የልጁን ጭቃ የበላ ከረባት ነው ያየችው። «እንዴት ሆነ?» አለችው። «ጋሼን ጠይቂ» አላት። እኔ ዶሮው እንዳይቀዘቅዝ ብዬ ገባሁ። ማዕድ ላይ መሠረት እንቁላሉን ለእኔ ልታወጣልኝ ስትል «ለእሱ ስጪው» አልኳት። ማልቀስ ጀመረች። ብዙነሽ ደግሞ የእሷን አይታ ጀመረች። ኢታና እንቁላሉን ይዞ ማንን እንደሚያጽናና ጠፋበት። ያው እኔ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

እንግዲህ መልሴ ይኸው ነው። ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላካቸው፤ ሠርጉ መንገዱ ሲደርቅ፣ በጥር ይሁን። እምቢ ማለትም እሺ ማለትም ቦታውን የሚያውቅ ልጅ ወልደሃል፤ ከማን እንደወረሰው ግን አላውቅም። የቮልሷን ቁልፍ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ። ደክሞኝ አይደለም። ወጣት ባለበት ሽማግሌ ሲነዳ ያስነውራል። በሚመጣው ሳምንት ደግሞ ሐኪም ቤት ደርሰን እንምጣ ብሎኛል። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም። እሄዳለሁ።

አንተም ከሽማግሌዎቹ ጋር ራስህ ና። ጠዋት በሚነሳው አውቶቡስ ተሳፈር እንጂ ጣርማ በርን በምሽት አትለፍ። ሹፌሩ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ከማርሽ አውጥቶ ሲለቃት ካየህ አትፈር፤ ተነስተህ ተናገረው። ሰው ቢስቅብህ ይሳቅ። እስከ መርካቶ አትሂድ፤ ላምበረት ላይ አስቁመህ ውረድ። ኢታና መኪናውን ይዞ ይመጣል፤ እኔም አብሬው እሆናለሁ።

እግዚአብሔር መንገዱን ያድርቅልህ፤ ጉልበትህን ያጽናልህ፤ ዘመኑ ለልጆቻችን የቀና ይሁን። ላምህንም ይጠብቅልህ።

የካሚዮን ወንድምህ፣ ከጥር ወዲያ ደግሞ የልጅህ አማት

ከአውቶቡሱ ስትወርድ በሩቅ ሆነህ እጅህን አታውለብልብ። ላምበረት ሰው ይበዛል። በስሜ ጥራኝ፤ ወደ ድምፅህ እመጣለሁ።