በአራተኛው እርከን ላይ ስለ ቆመው ፑሽ አፕ

ለተከበሩ ዶን ፋቢያን ኡሬታ
በፑዌርቶ ሎቤራ ማዘጋጃ ቤት የደረጃዎችና የእግረኛ መንገዶች ክፍል ኃላፊ

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለቤተሰብዎና ለቢሮዎ ባልደረቦች በሙሉ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ለጉልበትዎ የምመኘው ጤና ግን የተለየ ነው። ቢሮዎ ምድር ላይ ስለሆነና መኪናዎም በሩ ላይ ስለሚቆም ጉልበትዎ እንደ አዲስ ዕቃ ሳይነካ ተቀምጦ ይሆናልና እንዳይዝግ እሰጋለሁ።

እኔ ኤደልሚራ ኦያርሱን እባላለሁ፤ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። በኤል ፔኞን ኮረብታ፣ ከሳንታ ኤውላሊያ ደረጃ ግርጌ ባለችው ቢጫ ቆርቆሮ ቤት ብቻዬን እኖራለሁ። አርባ ዓመት የሆቴል አንሶላ አጥቤአለሁ። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ፣ በሰፈራችን ማኅበር አዳራሽ፣ ከሁለት ጡረተኛ ዓሣ አጥማጆች ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጬ ነው። ይህን የምነግርዎ እንዲያዝኑልኝ ሳይሆን የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። በልጅነቱ የተማረ ሰው ማስታወቂያ ሲያይ ግማሹን ያምናል። በእርጅናው የተማረ ግን ለማንበብ ያን ያህል ደክሞ ነውና ሁሉንም ያምናል። እኔም ከክቡርነትዎ ክፍል የወጣውን ጽሑፍ ሁሉ አመንኩ።

ባለፈው የካቲት ወጥ ቤቴ ውስጥ ወደቅኩ። አጥንት አልተሰበረም፤ ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ ሰው ያዝንልኝ ነበር። ክንዶቼ ብቻ አንገፋም አሉ። አርባ ዓመት የሰው አንሶላ የጨመቁ ክንዶች አንዲት አሮጊት ከወለል ማንሣት አቃታቸው። ከጠዋት ሻይ እስከ ከሰዓት በኋላ በሆዴ ተኝቼ ቆየሁ። በመጨረሻ የጋዝ ሻጩ ሲሊንደሩን በመፍቻ እየቀጠቀጠ በደረጃው ሲወርድ እኔ አለመውጣቴ ገርሞት በሩን ገፋ አድርጎ አየኝ።

«ዶኛ ኤደልሚራ፣ እዚያ ምን እየሠሩ ነው?»

«ወለሉን እያየሁ ነው፤ መወልወል ያስፈልገዋል» አልኩት።

ወሬው በዚያው ቀን ዋና ከተማ ያለችው ልጄ ኦሪያና ጋ ደረሰ። በሦስተኛው ቀን የአረጋውያን ማረፊያ ወረቀት ይዛ መጣች። ንጹሕ ቦታ ነው፤ አትክልት አለው፤ ለምሳ ደወል ይደወላል። «እማ፣ ስልክ በጠራ ቁጥር ልቤ ይቆማል» አለችኝ። ብዙ ተጨቃጨቅን፤ በኋላም ተስማማን። ለመስከረሙ የአገር በዓል ስትመጣ፣ በወደቅኩበት ቦታ በሆዴ ተኝቼ፣ ማንንም ምንንም ሳልይዝ በገዛ ክንዴ ከተነሣሁ ስለ ማረፊያው ዳግመኛ አታነሣም። ካልተነሣሁ ግን ሻንጣ አዘጋጃለሁ።

በመጋቢት ወር «ብርቱ ክንድ ለወርቃማ ዕድሜ» የሚለው የማዘጋጃ ቤቱ ማስታወቂያ በማኅበራችን በር ላይ ተለጠፈ። ሥዕሉ ላይ ያለው ሰውዬ ፀጉሩን ብቻ ነጭ የቀቡት ጎረምሳ ነው፤ ይሁን፣ አልተቀየምኩም። ከሥዕሉ በታች ያለው ጽሑፍ ግን የረባ ነገር ነበር፤ ይህንን ያለ ሽሙጥ ነው የምለው። መጀመሪያ ቆመው ግድግዳ ይግፉ ይላል። ቀጥሎ የጠረጴዛ ጠርዝ ይዘው ፑሽ አፕ ይሥሩ። ከዚያ እግርዎን መሬት ላይ፣ እጅዎን በሰፈርዎ ደረጃ አምስተኛ እርከን ላይ አድርገው፣ ሰውነትዎን እንደ ሳንቃ ቀጥ አድርገው ይሥሩ። አሥራ ሁለቱን በሦስት ዙር ሳይንቀጠቀጡ ሲጨርሱ ብቻ አንድ እርከን ይውረዱ። እጅ ዝቅ ባለ ቁጥር ክንድ የሚሸከመው ክብደት ይጨምራል፤ አንድ ቀን ሠርተው አንድ ቀን ይረፉ፤ መጨረሻ ላይ ወለል ይደርሳሉ። ደረጃ ስላለበት ይመስለኛል፣ ግርጌው ላይ የክቡርነትዎ ክፍል ማኅተም ነበረበት።

ግድግዳውን ስጀምር አራት ጊዜ ገፍቼ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ሳምንት ሠላሳ ስድስቱንም ሞላሁ። ጠረጴዛዬ እግሩ ስለሚወዛወዝ፣ ወደብ ላይ ጫኝና አውራጅ የነበረው ጎረቤቴ ዶን ባውዲሊዮ የሻይ ኩባያውን ይዞ ይቀመጥበትና ይቆጥርልኛል።

«ስድስት። ሰባት። ወገብሽን አታጉብጪ፣ ድመት ነሽ እንዴ?»

«አንተ ዝም ብለህ ቁጠር።»

«ያቺ አትቆጠርም። እንደገና ሰባት።»

ግንቦት ሲገባ ወደ ደረጃው ወጣሁ፤ አምስተኛውን እርከን ጨረስኩ፤ በአራተኛው ላይ ዘጠኝ ደረስኩ። ክቡር ሆይ፣ እኔና ክቡርነትዎ የተዋወቅነው ይኸኔ ነው። ዘጠኝ በደረስኩበት በዚያው ሳምንት ደረጃውን አጠሩት። ስለዚህ ቅሬታዬን በትሕትና በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በአጥሩ ላይ «ይህ ሥራ በሠላሳ ቀን ይጠናቀቃል» የሚል ሰሌዳ ሰቀሉ። እኔም አመንኩ። ክንዴ እንዳይረሳ ወደ ጠረጴዛው ተመልሼ በቀን መቁጠሪያዬ ላይ ሠላሳ ቀን አሰመርኩ። በሠላሳ አንደኛው ቀን ጠዋት ፀጉሬን አስሬ ስወጣ አጥሩ በቦታው ነበር። ከሳምንት በኋላ አንድ ሠራተኛ ሲመጣ ደስ ብሎኝ ውኃ ጣድኩ። ሰውዬው ብሩሽ አውጥቶ ሠላሳውን አጠፋና ስድሳ ብሎ ጽፎ ሻዩን ሳይጠጣ ሄደ። በሐምሌ ተመልሶ ስድሳውን አጥፍቶ «በቅርቡ» አለው። በነዚህ ሁሉ ወራት በደረጃው ላይ ሲሠራ ያየሁት ብቸኛ ሰው እሱ ነው። ደመወዝ ይጨመርለት፤ ፊደሎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው።

ሁለተኛ፤ ማመልከቻ ይዤ ቢሮዎ ድረስ ሦስት ጊዜ መጣሁ። በመስኮቱ ያለው ጸሐፊዎ አክብሮኝ «አያቴ» ይለኛል፤ አያቱ አይደለሁም፤ ብሆን ኖሮ እንዲህ አላሳድገውም ነበር።

«አያቴ፣ ኮምፒውተሩ እኮ የሳንታ ኤውላሊያ ደረጃ መቶ በመቶ ተጠናቋል ነው የሚለው።»

«ልጄ፣ እኔ ከዚያው ነው የመጣሁት። አጥር ነው ያለው።»

«እንግዲያው ሌላ ደረጃ አይተው ይሆናል።»

ወረቀቱንም አትሞ ሰጠኝ፤ ማኅተም አለበት። ወደ ቤት ስመለስ ፑሽ አፑን በዚሁ በተጠናቀቀው ደረጃ ላይ ልሥራው ብዬ ወረቀቱን ወለል ላይ አነጠፍኩት፤ ነገር ግን እርከኑ በጣም ዝቅ ያለ ሆኖብኝ ተውኩት።

ሦስተኛ፤ ይህኛውን በሳቅ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ደረጃው ከታጠረ ወዲህ የጋዝ ሻጩ አይወርድም። በላይኛው መንገድ ላይ ቆሞ ሲሊንደሩን ይቀጠቅጣል፤ የፈለገ በገደሉ ዙሪያ ዞሮ ወጥቶ ራሱ ይሸከማል። በየካቲት ያገኘኝ ሰው በሰኔ ብወድቅ አያገኘኝም ነበር። መፍቻው ሲንኳኳ ወጥ ቤቴ ቆሜ እሰማዋለሁ፤ ድምፁ ሩቅ ነው። ክቡርነትዎ ይህንን አንድ ጊዜ በዝግታ እንዲያነብቡልኝ እለምናለሁ። እኔ ማንኛውንም ነገር የማነበው በዝግታ ነው፤ ጉዳት የለውም።

አራተኛው በደል ሳይሆን ምስጋና ነው። ከጠረጴዛ ወደ ወለል በአንዴ ለመውረድ ሞክሬ ደረቴ ከምንጣፉ አልነሣ አለ። በወንበር ሞከርኩ፤ ወንበሩ ተንሸራትቶ አገጬን ለሁለት ሳምንት ሰማያዊ አደረገው። አልጋው ደግሞ ይሰምጣል። ተስፋ ቆርጬ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልብሶቼን ማጣጠፍ ጀምሬ ነበር። ያን ጊዜ ነው ዶን ባውዲሊዮ ሠራተኞችዎ በመስኮቴ ሥር ትተዋቸው የሄዱትን ስምንት ከረጢት ሲሚንቶዎች ልብ ያላቸው። በሁለት ረድፍ አራት አራት ሆነው ተደርበዋል። የሸፈናቸውን ላስቲክ የመጀመሪያው አውሎ ነፋስ ወስዶት፣ ከዚያ ዘጠኝ ቀን ዘንቦባቸው ድንጋይ ሆነዋል። ዶን ባውዲሊዮ ቁመታቸውን በስንዝሩ ለካ፤ ተመልሶም ለካ።

«ኤደልሚራ፣ ደረጃሽን እቤትሽ ድረስ አምጥተውልሻል። ልክ አራተኛው እርከን ነው።»

ክቡር ሆይ፣ አልተንሸራተቱም፤ አልሰመጡም፤ አልተወዛወዙም። ማዘጋጃ ቤቱ በዚህ ኮረብታ ላይ የሠራው ጠንካራ ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው። በዝናብ ኮፍያ አድርጌ ከዘጠኝ ወደ አሥራ ሁለት ደረስኩ። አሥራ ሁለቱን በሦስት ዙር በሞላሁ ቁጥር ዶን ባውዲሊዮ ላዩን ድርብ በድጅኖ እየፈነቀለ ያወርድልኛል። አራት ሦስት ሆነ፤ ሦስቱ ሁለት ሆነ። በሁለቱ ላይ አንድ ወር ሙሉ ቆየሁ፤ ትከሻዬ ማበጠሪያ ለማንሣት እንኳ እምቢ ያለበት ሳምንት ነበር።

አምስተኛ፤ በነሐሴ መጨረሻ፣ በዓሉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ የመጨረሻው አንድ ከረጢት ላይ አሥር ደርሼ ሳለሁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለማመልከቻዬ መልስ መጣ። ሁለት ሠራተኞች የእጅ ጋሪ እየገፉ ሲሚንቶውን ሊወስዱ ደረሱ።

«እማማ፣ ይነሡልን። ትዕዛዝ ነው።»

«ሁለት ነው የቀረኝ» አልኳቸው ከወደ መሬት።

ዶን ባውዲሊዮ ሳቁን ማፈን አቅቶት «ውሰዱት፣ ማን ከለከላችሁ፣ ማንሣት ከቻላችሁ» አላቸው። አንደኛው ጎንበስ ብሎ አቅፎ ሞከረ፤ ወገቡን ይዞ ቀና አለ። ሁለተኛው በጫማው መታ መታ አደረገውና ወረቀቱን አነበበ። «እዚህ የሚለው ሲሚንቶ ነው። ይሄ ድንጋይ ነው፤ የእኛ አይደለም» አለና ባዶ ጋሪያቸውን እየገፉ ሄዱ። ደንብ በማክበራቸው እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

በበዓሉ ዋዜማ ኦሪያና መጣች። አዲስ ትልቅ ሻንጣ ይዛ ነበር፤ በሩ አጠገብ አቆመችው። እኔም በሥጋ የተሞሉትን የበዓል ኢምፓናዳዎች ምድጃ ውስጥ ከትቼ በወደቅኩበት ቦታ በሆዴ ተኛሁ። ዶን ባውዲሊዮ በሩ ላይ ምስክር ሆኖ ቆመ። ወለሉ ቀዝቃዛ ነበር። ገፋሁ፤ ደረቴ ተነሣ፣ ሆዴ ግን ቀረ።

«ይሄ ግማሽ ነው፤ አልቆጥረውም» አለ ዶን ባውዲሊዮ።

«ዶን ባውዲሊዮ፣ እባክዎን» አለች ልጄ።

«አንቺ አታውቂያትም ልጄ፤ በግማሽ ብትነሣ ራሷ አትቀበለውም።»

ተመልሼ ተኛሁ። ሻንጣው ከተኛሁበት ይታየኛል። የጸሐፊዎን «መቶ በመቶ ተጠናቋል» አስታወስኩና፣ በዚህ ኮረብታ ላይ አንድ ነገር እንኳ በእውነት ይጠናቀቅ ብዬ ገፋሁ። መላ ሰውነቴ እንደ ሳንቃ ተነሣ። ጉልበቴን ሰበሰብኩ፣ አንድ እግሬን ተከልኩ፣ ቆምኩ። ጠረጴዛ አልያዝኩም፤ ሰው አልያዝኩም።

ኦሪያና ጫማዋን አውልቃ እኔ በተኛሁበት ቦታ በሆዷ ተኛች፤ ገፋች፤ አልተነሣችም። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነው የምትውለው። ፊቷን ወደ ወለሉ እንዳደረገች፣ «እማ፣ ከየት ነው የሚጀመረው?» አለችኝ።

«ከግድግዳ ነው» አልኳት።

ሻንጣው ባዶውን ተመለሰ። እሷ ግን በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ትመጣለች፤ አሁን ጠረጴዛ ላይ ናት፤ ዶን ባውዲሊዮ ተቀምጦበት ድመት እያለ ይሰድባታል።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው ሦስት ነገር ነው። ደረጃውን ይክፈቱልን፤ እኔ መነሣት ችያለሁ፣ ነገር ግን በዚህ ኮረብታ ብቻዋን የምትኖር እኔ ብቻ አይደለሁም፤ የጋዝ ሻጩም ይውረድ። ከረጢቶቹን አይንኩብን፤ ልጄ በቅርቡ ትደርስባቸዋለች፤ ይህ «በቅርቡ» የእኔ እንጂ የእርስዎ ሰሌዳ ላይ ያለው አይደለም። በመጨረሻም፣ በኮምፒውተርዎ መዝገብ ላይ በሳንታ ኤውላሊያ መቶ በመቶ የተጠናቀቀው ደረጃው ሳይሆን ኤደልሚራ ኦያርሱን እንደሆነች እንዲታረም እጠይቃለሁ።

ማኅተምዎን ሁሉ አምና የኖረች፣ ስለ ሲሚንቶው የዕድሜ ልክ ባለውለታዎ፣ በፊትዎ ዝቅ ብላ እጅ የምትነሣ፣ ዝቅ ካለችበትም ያለ ሰው እርዳታ የምትነሣ፣

ኤደልሚራ ኦያርሱን
በገዛ እጄ ጻፍኩት

ማስታወሻ፦ ጸሐፊዎ እንደነገረኝ ክቡርነትዎ ይህን ደረጃ አንድም ቀን መጥተው አላዩትም። ሊያዩት ከወሰኑ፣ በላይኛው መንገድ በመኪና መጥተው አጥሩ ላይ በክንድዎ ተንጠላጥለው መሻገር ይኖርብዎታል፤ ሌላው መንገድ በገደሉ ዙሪያ ነው፤ እሱን ለጉልበትዎ አልመክርም። በቢሮዎ ግድግዳ ዛሬውኑ ይጀምሩ። በሠላሳ ቀን ይደርሳሉ።