ስንጥቁ ላይ ያለችው መስታወት

ይድረስ ለእትዬ። እንዴት ከረማችሁ? የእናታችን ጉልበት ተሻላት ወይ? እኔ ተራራ ሆድ ውስጥ ብውልም ደህና ነኝ።

ለመኪና መንገዱ የምንቆፍረው ዋሻ እየገፋ ነው። ግድግዳው ላይ ስንጥቅ ስለወጣ አለቃችን ጣት የምታክል መስታወት በላዩ በሲሚንቶ አጣብቋል። ተራራው ከተንቀሳቀሰ መስታወቷ ትሰበራለች፤ ያን ጊዜ ሁላችንም እንወጣለን። ሁልጊዜ ጠዋት ከእኛ ቀድሞ ይገባና «ደህና ናት፣ ግቡ!» ይለናል። እውነትም ደህና ናት። እኛ እስከ ጆሯችን አቧራ ስንለብስ እሷን አቧራም አይነካትም።

መቼም ጥላውን የማያምን እያልሽ ትስቂብኝ የለ? ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ ጠርዟን በሚስማር ጫር አደረግኋት። ረቡዕ ጠዋት ባያት ጭረቱ የለም።

«ሲሚንቶው ደግሞ ለምን ረጠበ?» አልኩት አለቃችንን።

«ዋሻ ውስጥ የማይረጥብ ምን አለ?» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ ገባንና ስንቆፍር ዋልን።

ለእናታችን ሥራው ተስማምቶታል በያት። ጎረቤቶቹንም ሰላም በዪልኝ።

ባለቤትሽን እዚህ ሥራ አስገባልኝ ያልሽኝን አልረሳሁም። ቦታስ አለ። አንቺ ግን ሞልቷል በዪው።

ታናሽ ወንድምሽ