ለክቡር ርእሰ መምህር፦ ሐሙስ ከሰዓት ስለምታርፈው ንብ

ለተከበሩት የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉሮሮዎስ? በወላጆች ቀን ያን ሁሉ ንግግር ካሰሙ በኋላ ይሻልዎት ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ሰንብቻለሁ። እኔ ከበርዎ ፊት ለፊት ባለው ኮፒ ቤት የምሠራው፣ ከአሥረኛ ክፍል በገዛ እግሬ (እርስዎ «በእኛ ግፊት» ይሉት ይሆናል) የወጣሁት ልጅ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በሱቃችን መስታወት ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት ሳይሆን፣ ምስጋና ተደብቆ ሲሰጥ ስለማያምር ብቻ ነው።

ምስጋናዬም የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊ፣ ልጆቹ «እትዬ ምንጩስ» የሚሏቸውን ሴትዮ፣ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛውረው የተሰበረ ወንበር እንዲቆጥሩ ስላደረጉልን ነው። ሴትዮዋ ገበያችንን ሊዘጉት ነበር። በደላቸውን በቁጥር ላስቀምጥ፤ እርስዎ ቁጥር ያለው ነገር ይወዳሉና።

፩. እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ምርምር ሲታዘዝ ወደ እኔ ይሮጥና «ኮፒዬ፣ ስለ ንብ አለ?» ይል ነበር። አለ። ስሙን እንቀይርለትና እናትምለታለን። በዚያች ጽሑፍ ውስጥ «ንብ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሥራ አትሠራም» የምትለውን ዓረፍተ ነገር የጨመርኳት እኔ ነኝ፤ ገበያ የቀዘቀዘበት ሐሙስ ነበር። ስንት ልጅ እንዳስረከባት እግዜር ይወቀው፤ ሁሌም «በጣም ጥሩ» ተብሎባት ተመልሳለች። መምህራንዎን ስለ ቸርነታቸው አመሰግናለሁ።

፪. እትዬ ወረቀቷን ሲያዩ አልተቆጡም፤ ጥፋታቸው ይሄ ነው። ቢቀድዷት ሌላ አትም ነበር። እሳቸው ግን ታናሽ እህቴንና ጓደኞቿን ዙሪያቸውን አስቀምጠው «ምንጩስ? ይህን ማን አለው? በምን አወቀ? ሌላስ ማን ብሎታል?» አሏቸው። መልሱን እንኳ አልነገሯቸውም። ከመጽሐፍ ጀርባ ያለው ማውጫ እንዴት እንደሚፈለግበት አሳይተው ዞር አሉ። ልጆቹ ቢያገላብጡ ቢያገላብጡ ሐሙስ የምትባል ነገር የለችም። ከዚያ በሐሙስ ከሰዓት ሰፈራችን ካለ አንድ ንብ አርቢ ጓሮ ሄደው እንዲያዩ ላኳቸው። እህቴ ከንፈሯ አብጦ፣ ፊቷ በርቶ «ይሠራሉ፣ ሐሙስም ይሠራሉ» እያለች ገባች። እናታችን ቅባት ትፈልጋለች፣ እሷ እርሳስ። እርሳስ ፈልጋ ሳያት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

፫. ይባስ ብሎ ጥያቄው ከቤተ መጻሕፍቱ አመለጠ። በወላጆች ቀን፣ ከተማሪ ወረቀት ያነበቧት መሆን አለበት፣ «ትጉዋ ንብ እንኳ ሐሙስ ከሰዓት ታርፋለች፤ እኛ መምህራን ግን አናርፍም» ባሉ ጊዜ እህቴ ባበጠ ከንፈሯ፣ እጇን አውጥታ፣ በትሕትና «ይቅርታ መምህር፣ ምንጩስ?» አለችዎ። ወላጅ ሁሉ ሳቀ። በማግሥቱ እትዬ «ልጆችን አፍ አስፈቱብን» ተብለው ወደ ወንበሮቹ ወረዱ። ለውሳኔዎ ፍጥነት አድናቆቴ ከፍ ያለ ነው፤ የመጸዳጃ ቤቱ ቧንቧ እኔ ተማሪ ከነበርኩበት ጊዜ ጀምሮ ውሳኔ እየጠበቀ ነውና።

፬. አሁን ቤተ መጻሕፍቱ ጸጥ ብሏል፤ ተቆልፏላ። ትናንት እህቴ ሱቅ መጥታ «ስለ ወንዝ አለ?» አለችኝ። ልትቀልድብኝ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቀችም። አተምኩላት። ሳታነብ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ገበያዬ እንደተመኘሁት ተመልሷል ማለት ነው፤ ምንጩን ግን ሳትጠይቀኝ ሄደች።

ስለዚህ ከምስጋናዬ ጋር አንዲት ልመና አለችኝ፦ ሴትዮዋን ይመልሱልን። ወንበሮቹን እኔ እቆጥርልዎታለሁ። ገሚሱን የሰበርኩት እኔ ስለሆንኩ በመልክ አውቃቸዋለሁ።

ላሳዩኝ ትዕግሥት፣ ላላሳዩኝም ጭምር፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

የትናንት ተማሪዎ፣ የዛሬ ጎረቤትዎ፣ ኮፒ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ የጸሐፊዎ ኮምፒውተር ስለተበላሸ፣ ለዓመቱ መዝጊያ የሚያሰሙትን ንግግር እንድንተይበው ልከውልን ነበር። ተይቤዋለሁ፤ አምሮበታል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬበታለሁ። የትኛዋ እንደሆነች ለማጣራት ከፈለጉ፣ እንዴት እንደሚጣራ የሚያሳዩዎት ሴትዮ ዕቃ ግምጃ ቤት ናቸው። አንኳኩተው ይግቡ።