ሳይነግሩኝ ያለፈው አርባ

ረቡዕ፣ ነሐሴ 17

ንፍሮው ቀድሞ ተቀቅሎ ነበር። እንዳልረሳው ከሁሉ በፊት ይህን ልጻፍ።

ጎሕ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ወንድሜ ጌታቸው ቆሟል፤ የሚኖረው ከላላ ነው። ከኋላው የነፍስ አባቴ መምሬ፣ ከዚያ ጎረቤቴ ዘሃራ፣ ከዚያ ሰው ብቻ። ያለኝ አንድ ልጅ ነው፣ እሱም ወታደር ነው። ማን ብዬ ልጠይቅ።

«እታለም፣ ደረጀ አረፈ» አለኝ ጌታቸው።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሁሉ አላስታውስም። ድንኳኑ ፀሐይ ሳትወጣ ቆሞ ነበር። ንፍሮው በትልቅ ድስት መጣ። ባቄላ ሌሊቱን ካልተዘፈዘፈ እንዲያ አይበስልም። ጌታቸውም በዚህ ዝናብና በዚህ ጭቃ በበቅሎ ከከላላ በአንድ ሌሊት አይደርስም።

ያውቁ ነበር። ከመቼ ጀምሮ?

ሐሙስ፣ ነሐሴ 18

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። እጄ ቀርፋፋ ነው። ቢሆንም እጽፋለሁ፤ አፌን ብከፍት ሰው እሰድባለሁ።

ለቀስተኛ ሲገባ ፊት ፊቱን አያለሁ። የደነገጠ የለም። ያለቅሳሉ፣ አልደነገጡም።

ሳስበው ሁሉም ነገር እየመጣብኝ ነው።

የቡሄ ዕለት ማታ ሙልሙል ጋግሬ ደጅ ቆሜ ልጆቹን ስጠብቅ ነበር። አምና የደረጀን ስም እየጠሩ ጨፍረውልኝ ነበር። ዘንድሮ ጅራፋቸው ከሩቅ ሲጮህ እሰማለሁ፤ እኔ በር ሲደርሱ ዝም። ጭቃውን እየረገጡ አለፉ። ውሻውን ፈርተው ነው ብዬ ሙልሙሉን ለብቻዬ በላሁት።

የሴቶች ማኅበር ለመስከረም ሁለት ለአብዮት በዓል መዝሙር ማጥናት ጀምሯል። በየዓመቱ የማወጣው እኔ ነኝ። ዘንድሮ የጠራኝ የለም።

ዘሃራ ከሐምሌ ጀምሮ በየጧቱ ወተት ታመጣልኛለች። ጾም ነው ብላት «አስቀምጪው ለሌላ ይሆናል» ትለኛለች።

ልጇ ሰይድ ከደረጀ ጋር ነበር የዘመተው። እግሩን ቆስሎ ሐምሌ ላይ ተመለሰ። እስከ ዛሬ ደጄን አልረገጠም። በጓሮ ዞሮ ነው የሚያልፈው። ልጄን ጥሎት መጣ እንዴ? ምን አድርጎ ነው የሚሸሸኝ?

ዓርብ፣ ነሐሴ 19

የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ። ቆቡን አውልቆ ተቀመጠ፤ ንፍሮ ግን አልነካም። «ደረጀ ጀግና ነው። ለጀግና እንዲህ ተንበርክኮ አይለቀስም» አለ። ቀጥሎ ወደ ጉዳዩ ገባ። የበዓሉን ዝግጅት የሚያዩ እንግዶች ከአውራጃ ይመጣሉ፤ ሰልፉ የሚያልፈው በኔ ደጅ ነው፤ ድንኳኑ እሁድ ቢነሣ። ተዝካርም ቢሆን፣ ስብስብም ቢሆን ከበዓሉ ወዲያ።

ዘሃራ ከጥግ ሆና፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ እንግዲያው ዝናቡንም ከበዓሉ ወዲያ ና በሉት» አለችው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። እሱ ቆቡን አድርጎ ወጣ።

እንግዲህ መርዶውን የደበቀው እሱ ነው ብዬ ደመደምኩ። ግን ዘሃራ ለምን ደፈረችው? ለኔ አዝና ነው ወይስ የራሷን ልትሸፍን? ሰው አላምንም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 20

ገበያ ስለሆነ ድንኳኑ ጭር አለ። ዘሃራን ጠርቼ ጠየቅኋት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

የንፍሮውን ድስት ልታነሣ ጎንበስ አለች።

«ዘሃራ፣ አብረን ወልደን አብረን አሳድገን!»

«ሰይድ የመጣ ዕለት ነገረኝ» አለች። «ወላሂ የሺዬ፣ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አላውቅም። ሽማግሎቹ ፍልሰታ ይለፍ አሉ። ሱባኤ ገብታለች፣ ባዶ ሆዷን ትሞትብናለች አሉ። ሊቀመንበሩ ደግሞ ከበዓሉ ወዲያ ይሁን አለ። መምሬና ወንድምሽ እንቢ ብለው ነው ያን ጧት የመጡት።»

«ልጅሽስ? ለምን ሸሸኝ?»

ሄዳ አመጣችው። በምርኩዝ ገባ። ከደጁ ቆሞ ቀና ብሎ አላየኝም።

«ካየሁዎት አፌን መቆጣጠር አልችልም ብዬ ነው» አለ። ሰኔ ሲያልቅ መሆኑን፣ መድፍ መሆኑን፣ ደረጀ ብዙ እንዳልተሠቃየ ነገረኝ። የመጨረሻውን ሁሉም እንደዚያ ይላል መሰለኝ። እሱም እዚያው ነው የቆሰለው፤ በቆሰለ እግሩ ከወንዝ ዳር ቀበረው።

«ማን ጸለየለት?»

«የናንተን አላውቅም እማ የሺ። የማውቀውን ፋቲሃ ቀራሁለት። ጥፋት ከሆነ አፉ በሉኝ።»

አንገቱን ይዤ አለቀስኩ። ስንቱን ነገር ነው በዚህ ልጅ ላይ ያሰብኩበት።

እሁድ፣ ነሐሴ 21

ድንኳኑ አልተነሣም። ማንም ደፍሮ ካስማ አልነካ።

ግን ሌላ ነገር መጣ። ሰኔ መጨረሻ ካረፈ አርባው በፍልሰታ ውስጥ አልፏል። ሌሊት ከዚህ በቀር ሌላ አላሰብኩም። ፍትሐት ሳይደረግለት ነፍሱ የት ቆማ ይሆን? ከቅዳሴ ሲመለሱ መምሬን ጠየቅኋቸው። ፈገግ አሉ።

«አይዞሽ ልጄ፣ ተፈቷል። እንደሰማን ፈታነው። አርባውንም በጊዜው አድርሰናል፤ አንቺ እንዳትሰሚ ብለን በዝምታ ነው እንጂ።»

እፎይ አልኩ። ቀጥሎ ልቤ አንድ ነገር አለኝ።

«በማን ስም ፈታችሁት?»

«በክርስትና ስሙ ነዋ። አንቺን መጠየቅ ስላልቻልን አያ ይመርን ጠየቅነው።»

አያ ይመር የክርስትና አባቱ ነው። አርጅቷል፤ በዚህ ሰፈር ደግሞ ስንቱን ልጅ ክርስትና ያነሣ ሰው ነው።

«ማን ብሎ ነገራችሁ?»

«ወልደ ሚካኤል።»

የኔ ልጅ ወልደ ሚካኤል አይደለም። አጠገባችን የተቀመጠው አያ ይመር ራሱን ይዞ አሰበ፣ አሰበ። «ወልደ ሚካኤልስ ማን ነበር?» አለ። ልብስ ሰፊው መኮንን ከድንኳኑ ጥግ ብድግ ብሎ፣ «እኔ ነኛ! እኔን ነው የፈታችሁኝ? ለካ ለዚህ ነው ወገቤን የተሻለኝ!» አለ። ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ወዲያው ሳቄ ወደ ልቅሶ ዞረ።

«እግዚአብሔር ማን እንደሆነ ያውቃል» አሉኝ መምሬ።

«እሱ ማወቁን መቼ አጣሁት አባ። እናንተ ግን የጠራችሁት የሰው ልጅ ነው። የኔን ማንም አልጠራውም።»

አንገታቸውን ደፉ። የተክለ ሃይማኖት ዕለት እንደገና እናደርሳለን አሉ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 23

ሊቀመንበሩ ላከብኝ፤ ከበዓሉ በፊት ስብስብ የለም ብያለሁ ይላል። መምሬ መልሰው ላኩበት፦ «ነገ የተክለ ሃይማኖት በዓል ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚመጣውን ሰው እኔ አልጠራሁትም፣ እኔ አልመልሰውም።»

ፈርተው ይተዉት ይሆን? በመጨረሻ ሰዓት አሟቸው ይሉኝ ይሆን? ስሙን ሦስቴ አስደገምኳቸው። ሁለተኛው ላይ ትንሽ አመነቱ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 24

ዝናብ ሳያባራ ሄድን። ሰው ሞልቷል። ዘሃራና ሰይድ ከቅጥሩ ውጭ ከዋርካው ሥር ቆመው ጠበቁኝ። የቀበሌ ጥበቃም ሁለት መጥተዋል፤ በረከት ፈልገው ይሁን ሊቆጥሩን አላወቅሁም።

ከሴቶቹ ፊት ወጥቼ ቆምኩ። የመምሬን አፍ አፍ እያየሁ ጠበቅሁ። ጠሩት። አንዴ ሲጠሩት ሰማሁ። ሌላው ግእዝ ነው፣ ዝናቡም ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ የቀሩትን ጊዜያት በትክክል ጠርተውት እንደሆነ መማል አልችልም። ከቤቴ ደርሼ ግን እህል ቀመስኩ።

ይህን ወረቀት አንድ ቀን የምታነቡ፣ ስለ ልጄ አንዲት ቃል ወደ ላይ አድርሱልኝ። የቤት ስሙ ደረጀ ነው፤ እሱን እኔ እጠራዋለሁ፣ ለኔ ተዉልኝ። እናንተ ስትጸልዩ ኃይለ ማርያም በሉት። ኃይለ ማርያም። እባካችሁ እንዳትስቱት።